ኤችኢኪው 5 ማውንት እና ኤቮስታር 72 ኢዲ ቴሌስኮፕ፦ ከ9ኛው ዲግሪ ኬክሮስ የተጻፈ ግምገማ

ስካይ ዎቸር የሚያመርታቸውን ኤችኢኪው 5 ፕሮ ማውንትና ኤቮስታር 72 ኢዲ ቴሌስኮፕ አንድ ሙሉ በጋ፣ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ድረስ፣ በአዲስ አበባና ከከተማው ውጭ ሠርቼባቸዋለሁ። ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው የጥልቅ ሰማይ ፎቶግራፍ ለሚጀምር ሰው፣ ማለትም ኔቡላዎችን (በከዋክብት መካከል ያሉ የጋዝና የአቧራ ደመናዎችን)፣ የኮከብ ክምችቶችንና ጋላክሲዎችን ማንሣት ለሚፈልግ፣ በብዙ አገር በተደጋጋሚ የሚመከሩ ናቸው። ምክሩን የሚሰጡት ግን በአብዛኛው በ40 እና በ50 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ስለሆኑ፣ ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነ አገር ላይ ምን እንደሚለወጥ አያነሡም። እኔ መሣሪያዎቹን ያየኋቸው ከዚህ አንጻር ነው፤ ከተለመደው ምክር የማፈነግጥባቸው ቦታዎችም ሁሉ ምክንያታቸው ይኸው ነው።

ከቴሌስኮፑ በፊት ስለ ማውንቱ መናገር ይገባል። ማውንት ስል ቴሌስኮፑን ተሸክሞ ከሰማዩ ጋር እኩል የሚዞረውን መሣሪያ ማለቴ ነው፤ ባለ ሦስት እግሩ መቆሚያ የእሱ አንድ ክፍል ብቻ ነው። ጀማሪ ሰው ገንዘቡን በቴሌስኮፑ ላይ ጨርሶ በተረፈችው ሳንቲም መቆሚያ ይፈልጋል። እኔም ከዚህ ስሕተት አላመለጥሁም። መጀመሪያ የገዛሁት ቴሌስኮፕ መስታወቱ ትልቅ፣ እግሩ ግን እንደ ሸምበቆ የቀጠነ ነበር። ሳተርንን ከነቀለበቱ ለዓይን በደንብ አሳይቶኛል፤ ካሜራ ሲታሰርበት ግን ከግቢያችን በታች ባለው መንገድ አይሱዙ ባለፈ ቁጥር ኮከቦቹ በሥዕሉ ላይ ይንቀጠቀጡ ነበር። ለዓይንና ለካሜራ የሚያስፈልገው መሣሪያ የተለያየ መሆኑን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

ጉዳዩን በቁጥር ማየት ይቀላል። መሬት በመዞሯ ምክንያት በሰማይ ወገብ አጠገብ ያለ ኮከብ በእያንዳንዱ ሰከንድ 15 አርክ ሰከንድ ያህል ይጓዛል፤ አንድ አርክ ሰከንድ ማለት የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው። የኤቮስታር 72 የትኩረት ርቀት፣ ማለትም ከሌንሱ እስከ ምስሉ የሚፈጠርበት ቦታ ያለው ርቀት፣ 420 ሚሊ ሜትር ነው፤ እኔ የማስርበት ካኖን 600 ዲ ካሜራ ደግሞ የእያንዳንዱ ፒክሴል ስፋት 4.3 ማይክሮን ነው። የፒክሴሉ መጠን በ206 ተባዝቶ ለትኩረት ርቀቱ ሲካፈል አንድ ፒክሴል የሚሸፍነው የሰማይ ስፋት 2.1 አርክ ሰከንድ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ ማውንቱ ባይዞር ኮከቡ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 7 ፒክሴል ተጉዞ መስመር ይሆናል ማለት ነው። ለአንድ ሥዕል 2 ደቂቃ ብርሃን ለመሰብሰብ የፈለገ ሰው፣ በእነዚያ 120 ሰከንዶች ውስጥ ከአንድ ፒክሴል እምብዛም የማይዛነፍ መሣሪያ ያስፈልገዋል። ይህን ሥራ የሚሠራው ሌንሱ ሳይሆን ማውንቱ ነው።

ኤችኢኪው 5 ይህን የሚያደርገው በሁለት ስቴፐር ሞተሮች፣ ባለ 135 ጥርስ ማርሽና እሱን በሚያዞር ጠመዝማዛ ማርሽ ነው። ጠመዝማዛው ማርሽ አንድ ዙር የሚጨርሰው በ638 ሰከንድ፣ ማለትም ከ10 ደቂቃ ትንሽ በበለጠ ጊዜ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ዙር ላይ ማውንቱ ጥቂት ቀድሞ ጥቂት ወደ ኋላ ይቀራል። ይህ በዚህ የዋጋ ደረጃ ላይ ባሉ በማርሽ የሚሠሩ ማውንቶች ሁሉ ዘንድ ያለ ባሕርይ ነው፤ መጠኑም በአብዛኛው በአሥር ቤት የሚቆጠር አርክ ሰከንድ ስለሆነ ያለ እርማት ረጅም ሥዕል ማንሣት አይቻልም። እርማቱ የሚመጣው ከትንሽ መሪ ቴሌስኮፕና ከራሱ ካሜራ ነው፤ ይህ ካሜራ በየ2 እና በየ3 ሰከንዱ አንድ ኮከብ እያየ፣ ፒኤችዲ 2 በሚባለው በነፃ በሚገኝ ፕሮግራም አማካይነት ለማውንቱ ትንንሽ ትእዛዝ ይልካል። ባለሙያዎቹ ጋይዲንግ የሚሉት ይህን ነው። ባለ 30 ሚሊ ሜትር ሌንስ መሪ ቴሌስኮፕ ከኤኤስአይ 120 ሚኒ ካሜራ ጋር አድርጌ ስሠራ፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ስሕተቱ በአማካይ ከ1 አርክ ሰከንድ በታች ይቆይልኛል፤ ይህም ከአንድ ፒክሴሌ ግማሽ ያነሰ ነው። ከዚህ የተሻለ ቁጥር ማሳደድ በ420 ሚሊ ሜትር ላይ በሥዕሉ የሚታይ ጥቅም የለውም።

እስከዚህ ድረስ ያልሁት ለንደን ላይም ዋሽንግተን ላይም ያው ነው። የሚለየው ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

እንዲህ ዓይነቱ ማውንት አንዱ ዘንጉ ወደ ሰማይ ዋልታ፣ ማለትም ሰማዩ ሁሉ ሲዞርበት ወደሚታየው ነጥብ፣ መጠቆም አለበት፤ ዋልታው ከአድማስ በላይ ያለው ከፍታ ደግሞ ከቦታው ኬክሮስ ጋር እኩል ነው። በዋሽንግተን 39 ዲግሪ፣ በለንደን 51 ዲግሪ ተኩል፣ በአዲስ አበባ ግን 9 ዲግሪ ነው። የኤችኢኪው 5 የኬክሮስ ማስተካከያ የተሠራው ከ10 እስከ 65 ዲግሪ ላለው ክልል ነው። ይህ አኃዝ በምርቱ መግለጫ ላይ ከብዙ ቁጥሮች መካከል በአንድ መስመር ተጽፎ ያለ ነው፤ እኔም ከመግዛቴ በፊት አንብቤው አልፌዋለሁ። አንዲት ዲግሪ ምን ታመጣለች ብዬ ነበር። የመጀመሪያውን ሌሊት ብሎኑን እስከ መጨረሻው ፈትቼ ዘንጉ ከሚፈለገው ቦታ በላይ ቀርቶ ሳየው ነው ነገሩ የገባኝ።

መፍትሔው ግን ቀላል ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ማውንቱ ወደ ዋልታ በትክክል እስከ ጠቆመ ድረስ መቆሚያው ውኃ ልኩን ጠብቆ መቆሙ ግዴታ አይደለም፤ የውኃ ልክ ማስተካከያውን ያቀልለታል እንጂ የክትትሉን ትክክለኛነት አይወስንም። ስለዚህ ወደ ሰሜን የዞረውን እግር ማሳጠር በቂ ነው። እግሮቹ ሲዘረጉ ከሰሜኑ እግር እስከ ሁለቱ የደቡብ እግሮች መስመር ያለው ርቀት 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ከሆነ፣ ለ1 ዲግሪ የሚያስፈልገው ማሳጠር አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል አይሞላም። ላንጋኖ ሐይቅ ዳር፣ 7.6 ዲግሪ ላይ፣ በዚያው ስሌት ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ተኩል ማሳጠር ነበረብኝ። መሣሪያው ወደ ፊት ያዘነበለ መስሎ ሲቆም መጀመሪያ ያስፈራል፤ ከባድ ቴሌስኮፕ ያለበት ሰውም መፍራቱ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ችግር ከቴሌስኮፑ በተቃራኒ ጎን ሆኖ የሚያመዛዝነው የማመጣጠኛው ክብደት ነው፤ እኔ ከመጀመሪያው ይበልጥ የምቆጥረው ይህን ነው። በሰሜን አገሮች ዋልታው ከፍ ያለ ስለሆነ ክብደቱን የያዘው ዘንግ ከመቆሚያው ርቆ ወደ ውጭ ይዘረጋል። በ9 ዲግሪ ላይ ግን ዋናው ዘንግ ሊጋደም ምንም አይቀረውም፤ የክብደቱ ዘንግም ቀጥ ብሎ ወደ ታች ከሰሜኑ እግር አጠገብ ይንጠለጠላል። ክብደቱ ወደ ዘንጉ ጫፍ በተገፋ ቁጥር ማውንቱ ሲዞር ከእግሩ ጋር የመጋጨት ዕድሉ ይጨምራል። የእኔ ጭነት፣ ቴሌስኮፑ 1.95 ኪሎ፣ ከቀለበቶቹ፣ ከካሜራውና ከመሪ ቴሌስኮፑ ጋር ተደምሮ 3 ኪሎ ተኩል ገደማ ስለሆነ፣ አንድ ባለ 5 ኪሎ ክብደት በዘንጉ ላይኛ ክፍል ማድረግ ይበቃል፤ በዚያ ቦታ ላይ ደግሞ ምንም አይነካም። ሁለት ክብደት እስከ ጫፍ ድረስ የሚጠይቅ ቴሌስኮፕ ቢሆን ኖሮ ከእግሩ በላይ ማራዘሚያ ምሰሶ መትከል ግድ ይሆን ነበር። አምራቹ ለፎቶግራፍ 11 ኪሎ ይሸከማል የሚለው እውነት ነው፤ ለእኛ ኬክሮስ ግን ትንሽና አጭር ቴሌስኮፕ መምረጥ የልክ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የቦታ ጉዳይም መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ሦስተኛው የዋልታ ኮከብን የማግኘት ነገር ነው። በማውንቱ ውስጥ ወደ ዋልታው የምታሳይ ትንሽ መነጽር አለች፤ የዋልታ ኮከብ ከእውነተኛው ዋልታ ከ1 ዲግሪ በታች ርቆ ስለሚገኝ በእሷ አይቶ ማስተካከል በሰሜን አገሮች የ5 ደቂቃ ሥራ ነው። እጅን ዘርግቶ የጨበጡት ጡጫ ስፋቱ 10 ዲግሪ ያህል ነው፤ እንግዲህ የዋልታ ኮከብ በአዲስ አበባ ከአድማስ ከአንድ ጡጫ በታች ከፍ ብሎ ይገኛል ማለት ነው። በዚያው አቅጣጫ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው እንጦጦ ከነባሕር ዛፉ ቆሟል። ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉበት ተራራ፣ ከሥሩ ለሚኖሩ አማተሮች ዋልታቸውን የሚጋርድ መሆኑ ፈገግ ያሰኛል። ሽሮ ሜዳና ጉለሌ አካባቢ የሚኖር ሰው ኮከቡን ላያየው ይችላል፤ ወደ ቦሌና ወደ ሲኤምሲ ሲወጣ ተራራው ዝቅ ይላል፣ ነገር ግን በእርሱ ፈንታ ፎቅ ይተካል።

ይህን ችግር የፈታልኝ ኒና የሚባለው በነፃ የሚሰጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። በተጨማሪ ክፍሉ አማካይነት ከሰማዩ ሦስት ቦታዎች ሥዕል አንሥቶ፣ ኮከቦቹን ከካታሎግ ጋር አመሳክሮ፣ ዘንጉ ከዋልታው ምን ያህል እንደ ራቀ ያሰላል፤ ከዚያም ብሎኖቹን እያዞሩ ስሕተቱን በስክሪኑ ላይ እየቀነሱ መሄድ ነው። የዋልታ ኮከብን ጨርሶ ማየት አያስፈልገውም። እኔ አሁን የማውንቱን መነጽር ከነክዳኗ ትቻታለሁ። በአገራችን ይህን ማውንት የሚገዛ ሰው ላፕቶፕ ወይም ተመሳሳይ አነስተኛ ኮምፒውተር የወጪው አካል አድርጎ ከመጀመሪያው ሊያስብ ይገባል።

የእጅ መቆጣጠሪያውን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ሲንስካን የሚባለው ይህ መቆጣጠሪያ ቀኑን በወር፣ በቀንና በዓመት ቅደም ተከተል፣ ሰዓቱንም በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይጠይቃል። ታኅሣሥ ላይ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን፣ እንደ ልማዴ 2:00 ብዬ አስገባሁ። ኦሪዮን የሚባለው የኮከቦች ስብስብ በምሥራቅ ቆሞ ሳለ ቴሌስኮፑ ተረጋግቶ ወደ ምዕራብ ዞረ። ስድስት ሰዓት ሲዛነፍ ሰማዩ ሩብ ዙር ስለሚለያይ መሣሪያው ትክክል ነበር፤ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል ገመዱን ስፈትሽ ቆየሁ።

ክብደቱም መነሣት አለበት። የማውንቱ ራስ 10 ኪሎ ገደማ፣ እግሩ ወደ 6 ኪሎ፣ ሁለቱ ማመጣጠኛዎች ደግሞ 10 ኪሎ ይመዝናሉ። ዕቃው የመጣልኝ በአሜሪካ በምትኖር እህቴ ሻንጣ ስለሆነ 23 ኪሎ የሚፈቀድለትን አንድ ሻንጣ ብቻውን ሞልቶ ይተርፋል። ስለዚህ ብረቶቹን እዚያው ትታ እንድትመጣ ነገርኋት፤ ብረት ከዋሽንግተን በአውሮፕላን ማስመጣት ትርጉም የለውም። የዘንጉን ውፍረት በካሊፐር ለክቼ ወደ አንድ ቶርኖ ቤት ሄድሁ፤ ዲያሜትሩ 12 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 6 ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ድብልብል ብረት መሐሉ ተበስቶ፣ ከጎኑ ማጥበቂያ ብሎን ሲገባለት 5 ኪሎ ይሆናል። ቶርኖው ባለሙያ ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ ለቴሌስኮፕ ነው አልሁት፤ ለስፖርት ቤት ነው ብሎ እንደ ገመተ ነግሮኝ ሳቀ። እስካሁን ከፋብሪካው ክብደት የሚያንስበት ነገር አላየሁበትም።

ኃይል በ12 ቮልት ባትሪ ይሰጠዋል። ማውንቱ ከ11 እስከ 15 ቮልት ይቀበላል፤ በፍጥነት ሲዞር እስከ 2 አምፒር ሊስብ ይችላል፣ ኮከብ ሲከተል ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ከግድግዳ መብራት ጋር ማያያዝ ቢቻልም በሌሊቱ እኩሌታ መብራት ሲጠፋ ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው ስለሚጀመር እኔ በቤቴም ቢሆን ባትሪ እጠቀማለሁ።

አሁን ወደ ቴሌስኮፑ። ኤቮስታር 72 ኢዲ ሁለት ሌንሶች ያሉት ሲሆን አንደኛው የቀለም መበታተንን ከሚቀንሰው ኢዲ ከሚባለው የመስታወት ዓይነት የተሠራ ነው። ተራ ሌንስ ያለው ርካሽ ቴሌስኮፕ በደማቅ ኮከቦች ዙሪያ የሚጥለውን ሰማያዊ ጥላ በዚህኛው ላይ ፈልጌ ጥቂት ብቻ አገኘሁ፤ እሱም ሪጌል በሚባለው ደማቅ የኦሪዮን ኮከብ ዙሪያ ነው። የትኩረት ርቀቱ ለሌንሱ ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ኤፍ 5.8 ነው። ትኩረቱን የሚያስተካክለው ጎማ ሁለት ፍጥነት አለው፤ ትኩረት የሚወሰነው በፀጉር ስፋት ልዩነት ስለሆነ ይህ ምቾት ሳይሆን አስፈላጊ ነገር ነው። ባሕቲኖቭ የሚባለውን ስንጥቅ ክዳን ከፊቱ ማድረግ፣ በደማቅ ኮከብ ላይ የሚወጡትን ሦስት ጨረሮች መሐል ለመሐል እስኪሆኑ ድረስ ማስተካከል፣ ከዚያም ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ደግሞ መመልከት ነው። ቱቦው ሲቀዘቅዝ ይኮማተራልና ከምሽቱ 2 ሰዓት የተስተካከለ ትኩረት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ አይገኝም።

ገዢ የማይነገረው ነገር፣ ይህ ቴሌስኮፕ ብቻውን ለካሜራ ያልተሟላ መሆኑ ነው። ሁለት ሌንስ ያላቸው ቴሌስኮፖች ሁሉ የሚያሳዩት ምስል እንደ ሳሕን ጎድጓዳ ነው፤ የካሜራው ሴንሰር ግን ጠፍጣፋ ስለሆነ መሐሉ ሲጠራ ጠርዙ ላይ ያሉ ኮከቦች ወደ ውጭ ይሳባሉ። ይህን የሚያርም ተጨማሪ ሌንስ ለብቻው ይገዛል፤ ከሴንሰሩም በታዘዘለት ርቀት፣ በአብዛኛው በ55 ሚሊ ሜትር፣ መቀመጥ አለበት። ለዚህ ወጪና ድካም ቦታ የሌለው ሰው የዊልያም ኦፕቲክስን ሬድካት 51 ይመልከት፤ እርማቱ ከውስጡ አብሮ የተሠራ ነው፣ የትኩረት ርቀቱም 250 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 4.9 ነው። ዋጋው ከ72ቱ ይበልጣል፣ ማረሚያ ሌንሱ ሲጨመር ግን ልዩነቱ ይጠባል። እኔ 72ቱን የመረጥሁት በ250 ሚሊ ሜትር አብዛኞቹ ጋላክሲዎች ነጠብጣብ ሆነው ስለሚቀሩ ነው፤ ለኔቡላ ብቻ ቢሆን ግን ሬድካቱን እመርጥ ነበር።

በ420 ሚሊ ሜትር ላይ የካሜራዬ ሴንሰር 3 ዲግሪ በ2 ዲግሪ የሆነ የሰማይ ክፍል ይይዛል። ሙሉ ጨረቃ ግማሽ ዲግሪ ናት። አንድሮሜዳ ጋላክሲ ከጫፍ እስከ ጫፍ 3 ዲግሪ ያህል ስለሆነች በሰያፍ ስትቀመጥ ትገባለች፤ የኦሪዮን ኔቡላ ከጎረቤቶቹ ጋር በሰፊው ይገባል። ይህን ከአንድ ታዋቂ ባለ 8 ኢንች መስታወት ቴሌስኮፕ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል፦ የሴለስትሮን ሲ 8 የትኩረት ርቀት 2,032 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዚያ ላይ ያው ሴንሰር የሚያየው 0.6 ዲግሪ በ0.4 ዲግሪ ብቻ ሲሆን፣ የማውንቱ ስሕተትም ወደ 5 እጥፍ ጎልቶ ይታያል። ለፕላኔት ድንቅ መሣሪያ ነው፤ ለመጀመሪያ ጥልቅ ሰማይ ፎቶግራፍ ግን አልመክረውም። ባለ 130 ሚሊ ሜትር ኒውቶኒያኑ 130 ፒዲኤስ ከሁሉም ርካሽ በሆነ ዋጋ ብዙ ብርሃን ይሰበስባል፤ መስታወቶቹን ደጋግሞ ማስተካከል ለማይሰለቸው፣ ነፋስም ለማይበዛበት ሰው ጥሩ ነው። ላንጋኖ ላይ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ እስከ ማታ ስለሚቆይ አጭሩን ቱቦ በመያዜ አልተጸጸትሁም።

ካሜራውን በአጭሩ ላንሣ። ተራ ካሜራ ከሴንሰሩ ፊት ያለው ማጣሪያ ኔቡላዎች የሚያበሩበትን የሃይድሮጅን አልፋ ቀይ ብርሃን፣ 656 ናኖ ሜትሩን፣ አብዛኛውን ያስቀራል። ስለዚህ የኦሪዮን ኔቡላ ወይን ጠጅ ሆኖ ሲወጣ የሮዜት ኔቡላ ግን ሊታይ የሚጣጣር ጉም ይመስላል። ያለን ካሜራ ይዞ መጀመር ተገቢ ነው፤ ገንዘብ ሲገኝ ማጣሪያውን ማስነሣት ወይም ለዚሁ የተሠራ ካሜራ መግዛት ይቻላል።

ውጤቱን በሚመለከት፣ የበጋው ምርጥ ሥራዬ የተነሣው ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ነው። የኦሪዮን ኔቡላን በ120 ሰከንድ 90 ጊዜ፣ በጠቅላላው 3 ሰዓት፣ አነሣሁት፤ መሐሉ ላይ ያሉት አራቱ ኮከቦች በረጅሙ ሥዕል ተቃጥለው ስለሚጠፉ ለእነርሱ ብቻ በ10 ሰከንድ ሌላ 30 ሥዕል ጨመርሁ። በየጥቂት ሥዕሉ ማውንቱ ጥቂት ፒክሴል እንዲንቀሳቀስ አድርጌ ነበር፤ ካልሆነ የሴንሰሩ ቋሚ ጉድለት በጨለማው ላይ ጭረት ሆኖ ይወጣል። ሁሉንም ሲሪል በሚባለው ነፃ ፕሮግራም አንድ ላይ ደረብኋቸው። ብዛቱ 4 እጥፍ ሲሆን ጥራቱ 2 እጥፍ ብቻ ነው የሚጨምረው፤ ስለዚህ 3 ሰዓቱን 6 ሰዓት ለማድረግ ከመድከም ጨለማ ቦታ መሄድ ይሻላል። በ2,800 ሜትር ላይ ቅዝቃዜው ጣት ቢያደነዝዝም የሴንሰሩን ሙቀት ቀንሶ ሥዕሉን አጥርቶታል። ላንጋኖ ላይ ሚያዝያ ሲገባ ያነሣሁት የካሪና ኔቡላ ግን በሞቃት ሌሊት ስለተወሰደ ጫጫታ የሚባለው የሴንሰሩ ነጠብጣብ ይታያል፤ ያም ሆኖ ከአድማስ 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ የሚያልፈው ይህ ኔቡላ ለአውሮፓና ለአብዛኛው ሰሜን አሜሪካ ጨርሶ የማይወጣ ነው። ኦሜጋ ሴንታውሪ የሚባለው የኮከብ ክምችትም በሚያዝያ ከ30 ዲግሪ በላይ ይወጣልናል። የኛ ጉዳት ሌላ ነው፦ የፍኖተ ሐሊብ መሐል በእኩለ ሌሊት ከፍተኛ ቦታው ላይ የሚደርሰው በሰኔና በሐምሌ፣ ክረምቱ በገባበት ወቅት ነው፤ ደመና ሳይቀድም ለማግኘት በሚያዝያ ከሌሊቱ 9 እና 10 ሰዓት ላይ መነሣት ያስፈልጋል።

ከኤችኢኪው 5 ሌላ ምን አለ ለሚል፣ ያየኋቸውን ልጥቀስ። የዚያው አምራች ስታር አድቬንቸረር ጂቲአይ 5 ኪሎ ይሸከማል፣ ራሱ 2.6 ኪሎ ብቻ ነው፤ ለሻንጣና ለሬድካት 51 የሚስማማ ሲሆን ለ72ቱ ግን ከነጭነቱ ትርፍ አቅም እምብዛም አይተውለትም። ኢኪው 6-አር የኬክሮስ ማስተካከያው እስከ 5 ዲግሪ ይወርዳል፤ ክብደቱን የሚሸከም ጀርባና መኪና ያለው ሰው ያስበው። የዜድደብሊውኦ ኤኤም 5 ደግሞ ከጠመዝማዛ ማርሽ ይልቅ ሃርሞኒክ በሚባለው የማርሽ ስልት የሚሠራ፣ 5 ኪሎ የሚመዝን፣ ያለ ማመጣጠኛ ክብደት 13 ኪሎ የሚሸከምና ከ0 እስከ 90 ዲግሪ የሚስተካከል ነው። ከላይ የዘረዘርኋቸውን ሁለቱን የኬክሮስ ችግሮች አንድ ላይ ያስወግዳል። ጋይዲንግ ግን ግዴታው ነው፤ ክብደት ባለመኖሩም በዝቅተኛ ኬክሮስ ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ስለሚያጋድል እግሩን ሰፋ አድርጎ መትከል ያሻል። ዋጋው የኤችኢኪው 5ን እጥፍ ሊጠጋ ይችላል።

ሁሉንም በአንድ ላይ የያዘውን፣ ከ2023 ጀምሮ በገበያ ላይ ያለውን ሲስታር ኤስ 50ንም ሰዎች ደጋግመው ይጠይቁኛል። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ካሜራ፣ ሞተርና ባትሪ በአንድ ሣጥን ውስጥ ይዞ በስልክ የሚታዘዝ ነው፤ ለቤተሰብና ለትምህርት ቤት ከዚህ የሚቀል የለም። ይሁን እንጂ ወደ ላይና ወደ ጎን ብቻ የሚዞር ስለሆነ ምስሉ በካሜራው ውስጥ ቀስ እያለ ይሽከረከራል፤ ሽክርክሪቱ ደግሞ ነገሩ አናት ላይ በቀረበ ቁጥር ይፈጥናል። የኦሪዮን ኔቡላ በአዲስ አበባ በ75 ዲግሪ ከፍታ ሲያልፍ ሽክርክሪቱ በደቂቃ ወደ 1 ዲግሪ ይደርሳል፤ በሰሜን አገሮች ግን ዝቅ ብሎ ስለሚያልፍ የዚህን ያህል አይፈጥንም። በኋላ የተጨመረለት መሣሪያውን ወደ ዋልታ አጋድሎ የመጠቀም ዘዴም በ9 ዲግሪ ላይ ሣጥኑን በጎኑ ሊያስተኛው ምንም ስለማይቀረው ጠንካራና ከባድ እግር ይጠይቃል።

ኤችኢኪው 5ን ከ72ቱ ጋር ደግሜ እገዛው እንደሆነ ብጠየቅ፣ በአዲስ አበባ ከሆንሁና በጀቴ ያው ከሆነ አዎ እላለሁ፤ ድሬዳዋና ሐረርም ከ10 ዲግሪ በታች ቢሆኑ በአንድ እግር ማሳጠር የሚታለፉ ናቸው። ባሕር ዳር፣ ጎንደርና መቀሌ ከ11 ዲግሪ በላይ ስለሆኑ ይህ ጭንቀት ጨርሶ አይነካቸውም። ጅማ፣ ሐዋሳና አርባ ምንጭ ላለ ሰው ግን፣ በተለይ በ6 ዲግሪ ላይ ላለው አርባ ምንጭ፣ በየሌሊቱ 4 ዲግሪ የተጋደለ መቆሚያ ላይ ዕቃውን ከማስቀመጥ ይልቅ ጥቂት ወራት ቆጥቦ እስከ 0 ዲግሪ የሚወርድ ማውንት እንዲገዛ እመክራለሁ፤ ቴሌስኮፑ ግን ያው 72ቱ ይሁን።